«ሳይነስ ነው» ከማለታችን በፊት ቀን እንቁጠር

በየቤቱ አንድ «ሳይነስ ያለበት» ሰው አይጠፋም። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ደጋግሞ የሚያስነጥሰው፣ ግማሽ ራሱን እየወቀረው መጋረጃ ዘግቶ የሚተኛው፣ ዕጣን ሲጨስ አፍንጫው የሚታፈነው፣ ብርድ ሲመታው ግንባሩ የሚከብደው፣ ሁሉም «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። ልጅ ሁለት ሳምንት ካሳለ ደግሞ አያት «የአባቱ ሳይነስ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ቃሉ ከጉንፋንና ከምች ጋር ተደባልቆ የቤት ቃል ሆኗል።

የቤተሰብ ሐኪም እንደመሆኔ ይህን ቃል ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ውሳኔውን ጨርሶ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ የፊት ራጅ በፖስታ ይዞ፣ አንዳንዱ ከመድኃኒት ቤት በራሱ የገዛውን አሞክሲሲሊን ግማሹን ውጦ፣ አንዳንዷ እናት ደግሞ ከታላቁ ልጅ የተረፈውን ሽሮፕ ለታናሹ ሰጥታ ይመጣሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ራጁም ስለ መድኃኒቱም አይደለም። «መቼ ጀመረ? በመካከል ተሽሎት ነበር?» ነው የምለው። ብዙዎች ይህ ጥያቄ ለወግ ያህል የሚጠየቅ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን የሳይነስ ሕመምን ከተራ ጉንፋን የሚለየው ዋናው ምርመራ ይኸው የቀን ቆጠራ ነው። ይህን ቆጠራ ከእኔ ይልቅ አሳምረው መያዝ የሚችሉት ደግሞ ልጁን ሲተኛና ሲነሣ የሚያዩት ወላጆችና አያቶች ናቸው።

ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም

ሳይነስ ሁላችንም ያለን የአካል ክፍል ነው። በአፍንጫችን ዙሪያ ባሉት አጥንቶች ውስጥ አየር የሞላባቸው አራት ጥንድ ክፍተቶች አሉ። አንዱ ጥንድ በጉንጭ፣ አንዱ በሁለቱ ዐይኖች መካከል፣ አንዱ በግንባር፣ አንዱ ደግሞ ከአፍንጫ በስተኋላ በጥልቀት ይገኛል። ውስጣቸው እንደ አፍንጫችን ሁሉ በስስ እርጥብ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ቀንም ሌሊትም ንፍጥ ያመነጫል፤ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮችም ንፍጡን እየገፉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያስወጡታል። ጉንፋን ሲይዘን ሽፋኑ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይጠባል፣ ንፍጡም መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል። ተኝቶ የቆየ ንፍጥ ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። ሐኪሞች ሳይነሳይተስ የምንለው የዚህን ሽፋን መቆጣት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልጆች አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሕፃን ሲወለድ የጉንጩና የዐይኖቹ መካከል ክፍተቶች በጣም አነስተኛ ሆነው አሉ። የግንባሩ ግን ልጁ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በፊት እምብዛም አይታይም፤ እድገቱን የሚጨርሰውም በጉርምስና ዕድሜ ነው። ስለዚህ የ2 ዓመት ሕፃን ግንባሩ ሲተኩስ «የግንባር ሳይነስ ነው» ማለት አይቻልም። ቦታው ገና አልተሠራም።

ተራው ጉንፋን እንዴት ይሄዳል?

በሽታውን ለመለየት መጀመሪያ ጤናማውን አካሄድ፣ ማለትም የተራውን ጉንፋን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ትኩሳት ካለ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ቀናት ነው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ማስነጠስ ይመጣል፣ አፍንጫ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ንፍጡ ይወፍራል፣ አፍንጫው ይዘጋል፣ ሳሉም ይበረታል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መቅለል ይጀምራል። በ10ኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ካለፈው ሳምንት ይልቅ እንደተሻለው ማንም ያየዋል።

አዋቂ ሰው በዓመት ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። አፀደ ሕፃናት የጀመረ ልጅ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ወደ ባክቴሪያ ሳይነሳይተስ የሚለወጡት ጥቂቶች ናቸው። በአዋቂዎች ከ100 ጉንፋን ከ2 አይበልጡም፤ በልጆች ከ100 ከ5 እስከ 10 ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። አንቲባዮቲክ ሊጠቅማቸው የሚችለውም እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ለቀሩት መድኃኒቱ ተቅማጥና ሽፍታ ሊያመጣባቸው ይችላል፤ ባክቴሪያዎችንም መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። በኋላ ልጁ የሳንባ ምች ሲይዘው ያው ሽሮፕ እምቢ ሊል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ድንገተኛ የባክቴሪያ ሳይነሳይተስ በሦስት መንገዶች ይገለጣል። ሦስቱንም የምናውቃቸው ቀን በመቁጠር ነው።

አንደኛው መንገድ ሳይሻል መክረም ነው። የአፍንጫው መዘጋትና መፍሰስ ወይም የቀን ሳሉ ከ10 ቀን በላይ ሲቆይና ምንም የመቅለል ምልክት ሳይታይበት ሲቀር ማለት ነው። ቁልፉ «10 ቀን» የሚለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ሳይሻል» የሚለው ቃልም ነው። በ12ኛው ቀን እያሳለ ግን እየቀለለው የመጣ ልጅ በመዳን ላይ ያለ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ተሽሎ መመለስ ነው። በ4ኛውና በ5ኛው ቀን እየቀለለው መጥቶ፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ ቦርሳውን ካዘጋጀ በኋላ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን እንደ አዲስ ትኩሳቱ ሲነሣ፣ ንፍጡ ሲበዛ፣ ሳሉ ሲበረታ ወይም ራስ ምታቱ ሲመለስ ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አገርሽቶበት ነው፣ ሌላ ብርድ መታው» ብሎ ያልፈዋል። ለሐኪም ግን ከሁሉ የበለጠ ጆሮውን የሚያቆምበት ታሪክ ይህ ነው።

ሦስተኛው ከመጀመሪያው በርትቶ መምጣት ነው። 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት እንደ መግል ከወፈረ የአፍንጫ ፈሳሽ ጋር ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ቀናት ሲቆይ ነው። እዚህ ላይ «ያተኩሰዋል» ማለት አይበቃም፤ በቴርሞሜትር መለካት ያስፈልጋል። በእጅ ጀርባ የተለካ ትኩሳት 37 ተኩልን ከ39 አይለይም።

አዋቂውና ልጁ ሕመማቸውን የሚናገሩበት መንገድም ይለያያል። አዋቂ ሰው ጉንጩ ወይም በዐይኖቹ መካከል ያለው ቦታ እንደሚጫነው፣ ሲያጎነብስ እንደሚብስበት፣ የላይኛው መንጋጋ ጥርሶቹ እንደሚያሙት፣ ሽታ እንደማይለይ ይናገራል። ትንሽ ልጅ «ፊቴን አመመኝ» አይልም። በእርሱ ላይ የሚታየው ቀንም ሌሊትም የማይተው ሳል፣ የአፍ ጠረን መለወጥ፣ ጠዋት ላይ የዐይን ቆብ እብጠት፣ መነጫነጭና ምግብ መግፋት ነው። እንዲህ ሲያስል የከረመን ሕፃን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ በአንዳንድ ቤት አሁንም አልቀረም። የሳሉ ምንጭ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ልጁን ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስለት መዳረግ ነውና ይህስ ይቅር።

ወላጆችን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። «ልጄ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ንፍጡ አልቆመም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔም «በመካከል አንድ ወይም ሁለት ቀን ደህና ሆኖ፣ በልቶ፣ ሳያስል ተኝቶ ያደረበት ጊዜ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛዎቹ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «አዎ፣ ያን ሰሞንማ ደህና ነበር» ይላሉ። እንግዲህ ልጁ የተያዘው በሁለት ወር በአንድ ሕመም ሳይሆን እርስ በርስ በተቀጣጠሉ ሦስት ወይም አራት ጉንፋኖች ነው። ሁለቱ ታሪኮች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። የሚለያቸውም ያ ደህና የነበረበት ቀን ነው።

ቀለሙ፣ ራጁና የደም ምርመራው

«ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ኢንፌክሽን ገብቶበታል» የሚለው አነጋገር በየቤቱ እንደ ሕግ የተያዘ ነው። ነገር ግን ተራው ጉንፋንም ንፍጥን ከጥርት ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ጥርት ያደርሰዋል። ቀለሙን የሚሰጡት በሽታውን ሊዋጉ የመጡት የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ስለዚህ ቀለም ብቻውን ቫይረስን ከባክቴሪያ አይለይም። በሌላ በኩል በ11ኛው ቀን የልጁ ንፍጥ ጥርት ያለ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም።

ራጅስ? ብዙ ቤተሰብ የፊት ራጅ ካልተነሣ ምርመራው የተሟላ አይመስለውም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ተመራማሪዎቹ ተራ ጉንፋን ከያዛቸው ገና ጥቂት ቀናት የሆናቸውን 31 አዋቂዎች ከራጅ እጅግ በሚልቀው በሲቲ ስካን አነሷቸው። ከመካከላቸው 87 በመቶው የጉንጭ ሳይነሳቸው ላይ ለውጥ ታየባቸው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ከተነሡት አብዛኞቹ ያለ አንቲባዮቲክ ጠርቶላቸው ወይም ተሻሽሎላቸው ተገኘ። ጉንፋን የያዘውን ሰው ሁሉ ራጅ ብናነሣው ብዙዎቹ «ሳይነስ» ሊባሉ ነው ማለት ነው። ምስሉ ሽፋኑ ማበጡን ያሳያል እንጂ ያሳበጠው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ አይናገርም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የልጆችን የባክቴሪያ ሳይነሳይተስ ከጉንፋን ለመለየት ራጅም ሲቲ ስካንም እንዳይታዘዝ መክሯል። ለአዋቂዎችም የአንገት በላይ ሐኪሞች የሚከተሉት መንገድ ተመሳሳይ ነው። የደም ምርመራና ከአፍንጫ ጫፍ በጥጥ የሚወሰድ ናሙናም ጥያቄውን አይመልሱም።

ይህ ማለት ግን ሐኪሙ ምንም አያይም ማለት አይደለም። በብርሃን አፍንጫ ውስጥ እናያለን። ከጉሮሮ ኋላ የሚወርድ ፈሳሽ መኖሩን እንፈትሻለን። ጆሮ፣ ጥርስና ድድ እናያለን። ጉንጭና ግንባር እንጫናለን። ዐይኖቹ እንደልብ መንቀሳቀሳቸውንና አንገቱ መታጠፉን እናረጋግጣለን። ሲቲ ስካን ቦታው ሌላ ነው። ሕመሙ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንጎል መዛመቱ ሲጠረጠር፣ በሽታው ሲመላለስ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ይታዘዛል።

ሳይነስ የሚመስሉት

ለዓመታት «ሳይነስ አለብኝ» ሲሉ ከኖሩት አዋቂዎች ብዙዎቹ ላይ የማገኘው ማይግሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ራሳቸው ወይም ሐኪም «የሳይነስ ራስ ምታት» ያላቸውን 2,991 ሰዎች መርምሮ 88 በመቶው የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት እንዳላቸው አሳይቷል። ስህተቱ የሚመጣው ማይግሬንም ግንባርና ጉንጭ ላይ ስለሚያም፣ ዐይን ስለሚያስለቅስና አፍንጫ ስለሚዘጋ ነው። ለመለየት የሚረዱ ጥያቄዎች አሉ። ያቅለሸልሻል? ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል? ሲንቀሳቀሱ ይብሳል? ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ በራሱ ይለቃል? የወፈረ ፈሳሽና ትኩሳትስ የለም? መልሶቹ «አዎ» ከሆኑ ተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ የሚያመጣው ፋይዳ የለም። ለማይግሬን የራሱ ሕክምና አለው።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። የሚያሳክክ አፍንጫና ዐይን፣ ተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ያለው፣ ትኩሳት ግን የሌለው ሰው አለርጂ ሊሆንበት ይችላል። መስከረም ላይ አበባው ሲፈካ፣ ቤት ሲጠረግ፣ ምንጣፍ ሲራገፍ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ እያሸ የሚውል ልጅም እንዲሁ።

ሦስተኛው ጥርስ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥሮች ከጉንጭ ሳይነስ ወለል ጋር ተጎራባች ናቸው። በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያለበት አዋቂ በቅርቡ ጥርስ አስነቅሎ እንደሆነ ወይም የተበላ ጥርስ እንዳለው መታየት አለበት።

በትናንሽ ልጆች ደግሞ በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ የሚሸት ፈሳሽ ሌላ መልስ እስኪገኝለት ድረስ ባዕድ ነገር ነው። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዶቃ፣ የስፖንጅ ቁራጭ እየወጣ ሁሉም ቤተሰብ ሲገረም አይቻለሁ። በቤት ውስጥ በመቆንጠጫ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የገባው የአሻንጉሊት ወይም የሪሞት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ የአፍንጫውን ውስጥ ያቃጥላልና ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ የሚያንኮራፋ፣ ጆሮውን ደጋግሞ የሚያመው ልጅ ከአፍንጫው ኋላ ያለው አዴኖይድ አድጎበት ሊሆን ይችላል። የዘጋ አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ለሳምንታት የሚጠቀም አዋቂ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ አፍንጫውን መልሶ ይዘጋበታል። ይህ ዓይነቱ ጠብታ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ መቆም አለበት።

እየተመላለሰ ሲያስቸግር

«የሚመላለስ» የሚለውም ቃል ልክ አለው። በአዋቂ ላይ በዓመት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ድንገተኛ የባክቴሪያ ሳይነሳይተስ ሲይዝና በመካከል ሰውየው ሙሉ በሙሉ ደህና ሲሆን የሚመላለስ ሳይነሳይተስ ይባላል። በልጆች በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ወይም በዓመት 4 ጊዜ ሲይዝ፣ እያንዳንዱም ከ30 ቀን ባነሰ ጊዜ ሲድንና በመካከል ቢያንስ 10 ቀን ከምልክት ነፃ ሲሆን ነው። ምልክቱ ሳይጠፋ ከ12 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን የሚመላለስ ሳይሆን ሥር የሰደደ ነው፤ ምርመራውም ሌላ ነው።

ስለዚህ በሚመላለሰው ሳይነሳይተስ ላይ ጤናማው ሳምንት ከታመመው ሳምንት እኩል ይናገራል። «በዓመት አሥር ጊዜ ይነሣብኛል» ለሚሉኝ ሰዎች ሁለት ጊዜ እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሲያማቸው፣ አንድ ጊዜ ደህና ሲሆኑ። በታመሙበት ቀን ከሳይነስ የሚወርድ መግል ካላየን ያ ሕመም ማይግሬን ወይም አለርጂ ሊሆን ይችላል። ደህና በሆኑበት ቀን አፍንጫቸው አሁንም የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ። የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ውስጡን አይቶ የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ መጣመሙን፣ ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ እባጭ መኖሩን ወይም መውጫው መጥበቡን ይለያል። በልጆች የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አለርጂና አዴኖይድ ናቸው። ከሳይነሱ በተጨማሪ የጆሮና የሳንባ ኢንፌክሽን የሚመላለስበት ልጅ ወይም አዋቂ ካለ የሰውነት የመከላከል አቅም ይመረመራል፤ የኤች አይ ቪና የስኳር ምርመራም የዚሁ አካል ነው።

የቤቱ አየር መረሳት የለበትም። የሲጋራ፣ የእንጨትና የከሰል ጭስ እነዚያን ንፍጥ የሚገፉ ጥቃቅን ፀጉሮች ያደክማል። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ክሊኒካችን በሚያስሉና በሚታፈኑ ሰዎች የሚሞላው በዚህ ነው። ቡናችን ላይ ዕጣን አይጨስ አልልም። አፍንጫው የሚመላለስበት ልጅ ካለ ግን መስኮቱ ይከፈት፣ ልጁም ከጭሱ ይራቅ።

ቀን የማይቆጠርባቸው ምልክቶች

አንድ ምሽት አንዲት አያት የ6 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የግራ ዐይኑ ቆብ አብጦ ቀልቷል። ወላጆቹ «ትንኝ ነክሶት ነው፣ እስከ ነገ እንየው» ብለው ነበር። አያትየው ግን ታሪኩን ያለ ማስታወሻ ዘረዘሩልኝ፦ «ከጉንፋኑ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ረቡዕ ዕለት ተጫውቶ ነበር። ትናንት ትኩሳቱ ተመለሰ። ዛሬ ዐይኑን ወደ ጎን ሲያዞር ያለቅሳል።» ከዚህ በላይ የተሟላ ታሪክ ሐኪም ቤትም አይጻፍም። በዐይኖች መካከል ያለውን ሳይነስ ከዐይን ጉድጓድ የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ኢንፌክሽኑ እርሱን አልፎ ነበር። ልጁ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ገብቶ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጠው፤ ዐይኑም ተረፈለት።

የሚከተሉት ሲታዩ 10 ቀን መጠበቅ የለም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፦

• የዐይን ወይም የቆቡ እብጠትና መቅላት፣ የዐይን ወደ ውጭ መገፋት፣ ዐይን ሲንቀሳቀስ ሕመም፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ወይም የእይታ መቀነስ፤
• በግንባር ላይ ሲነካ የሚያም እብጠት፤
• ከትውከት ጋር የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ መፍዘዝ፣ መቃዠት ወይም የሚጥል ሕመም፤
• ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፤
• የስኳር ሕመም ባለበት ወይም የመከላከል አቅሙ በደከመ ሰው ላይ የፊት መደንዘዝ፣ በአፍንጫ ወይም በላንቃ ላይ ጥቁር ቅርፊት።

በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች አንድ የአፍንጫ ቀዳዳቸው ብቻ ሳይከፈት ከቆየ ወይም ከእርሱ ደም እየተመላለሰ ከወጣ «የድሮ ሳይነሴ ነው» ብለው አይለፉት። ዕጢ አለመሆኑ በአንገት በላይ ስፔሻሊስት መረጋገጥ አለበት።

እስከዚያው በቤት

በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ እረፍት፣ ፈሳሽ፣ ለሕመምና ለትኩሳት በክብደት ልክ የተሰጠ ፓራሲታሞል፣ ለአፍንጫ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃል። አፍንጫን በቤት በተዘጋጀ የጨው ውኃ የሚያጥብ አዋቂ ውኃውን አፍልቶ ያቀዝቅዝ፤ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ ለዚህ አይሆንም። ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ጠብ የለኝም። በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንን ግን ለልጆች አልመክርም፤ ከጋቢ ሥር የተገለበጠ የፈላ ድስት የሚያደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ እጅግ የከፋ ነው።

ከ10 ቀን በኋላም ቢሆን ሕመሙ ቀላል ከሆነና ክትትል ካለ ሐኪሙ ለልጅ 3 ቀን፣ ለአዋቂም እስከ አንድ ሳምንት «እንየው» ሊል ይችላል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ ብዙዎቹ በራሳቸው ይድናሉና። ተሽሎ ለተመለሰ ወይም ከመጀመሪያው ለበረታ ሕመም ግን ለልጅ አንቲባዮቲክ ወዲያው ይታዘዛል። ከታዘዘ በታዘዘው መጠንና ቀን ይወሰድ። ከጀመሩት 3 ቀን አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ሌላ ዓይነት አትግዙ።

ሐኪም ዘንድ ይዛችሁ የምትሄዱት

በአንድ ወረቀት ላይ የሚከተሉትን ጽፋችሁ ብትመጡ ምርመራው ከግማሽ በላይ ያልቃል። አፍንጫው መፍሰስ የጀመረበት ቀን። ተሽሎት የነበረበት ቀን ካለ እርሱ። በቴርሞሜትር የተለካው ትኩሳትና የተለካበት ቀን። ፈሳሹ በሁለቱም ወገን ነው ወይስ በአንዱ? ሳሉ ቀን ነው፣ ሌሊት ነው ወይስ ሁልጊዜ? የተወሰደው መድኃኒት ስም፣ መጠኑና የቆየበት ቀን፣ ከጎረቤት የተሰጠውም ጭምር። ባለፈው አንድ ዓመት ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነ፣ በመካከልስ ስንት ሳምንት ደህና ነበር?

ልጁ በወላጅና በአያት ቤት እየተመላለሰ የሚያድር ከሆነ ወረቀቱም አብሮት ይመላለስ። እናት ያላየችውን ደህና ቀን አያት አይተውት ይሆናል።